በራ ላይ የተለጠፈው ልብ

ጫማ ሰፊው፣ እናትና አባቱ ከተኮራረፉ ወዲህ፣ እፎይ ብሎ በልቶ አያውቅም። አባትየው በእናትየው አዲስ የፀጉር ቁርጥ ስቀው ነው ጠቡ የተነሣው። አንድ ገበታ ቀርበው እንኳ የሚነጋገሩት በእሱ በኩል ነው።

"ጨው ያቀብለኝ በለው።"

"ተነሥታ ትውሰድ በላት።"

በፍቅረኞች ቀን እህቱ የሦስት ዓመት ልጇን ጥላበት ወጣች። "ቀይ ቀለምና የልብ ቅርጽ አስተምራት፤ ወረቀት እየቆረጣችሁ ለጥፉ" ብላዋለች። የመጀመሪያው ልብ ድንች መሰለ፤ ሁለተኛው ግን ሠመረ። የወረቀት ማጣበቂያ ቢያጣ፣ ሶል የሚያጣብቅበትን ማስቲሽ ቀባላትና፣

"በይ፣ ለምትወጂው ለጥፊ" አላት።

ትንሿ ዞር ዞር ብላ፣ ሶፋ ላይ ያንቀላፉት አያቷ በራ ላይ ጧ! ጫማ ሰፊው አጎቷ ሮጦ ልቡን ቢጎትተው ወይ ፍንክች! ያ ማስቲሽ እንኳን ወረቀት፣ ዝሆንን ከጣሪያ ጋር ያጣብቃል።

ሽማግሌው ባንነው መስታወት ፊት ቆሙ። "አንተ ከንቱ! ምን አደረግኸኝ?"

"አባባ፣ ልብ ነው! ቀይ!" ብላ አጨበጨበች ትንሿ።

ጩኸቱን ሰምተው ከጓዳ ብቅ ያሉት እናት ኩርፊያቸውን ረስተው በሳቅ ፈረሱ። "አንተ ሰውዬ፣ የኔን የፀጉር ቁርጥ የሚያስንቅ አገኘህ!"

"ብድርሽን መለስሽ፤ በይ አሁን ንቀይልኝ።"

"ምነው? ያምርብሃል እኮ!" አሉና ዘይት አምጥተው አጠገባቸው ቁጭ ብለው ያሹላቸው ጀመር።

ማታ ገበታ ላይ አባት ጨዉን ሳይጠየቁ አቀበሉ። በራቸው ላይ ግን የልቡ ግማሽ አሁንም አለ። ጫማ ሰፊውም መልእክት አድርስ የሚለው ሰው ስላጣ፣ እራቱን በትኩሱ በላ።