የአንዤ ጉልበት

«የመጣሁት መጫወት ትችላለህ እንድትይኝ ነው» አላት አንዤ ኮባል፣ ገና ሳይቀመጥ። ቁመቱ በሩን ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ ፊቱ ግን ያኮረፈ ልጅ ፊት ነበር።

«መጀመሪያ ተቀመጥ» አለችው ሄለና።

ሄለና ፊዚዮቴራፒስት ናት። ክሊኒኳ ኦክላንድ ውስጥ ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ ነው፤ የሳን ሆዜው ሬድዉድስ የቅርጫት ኳስ ቡድን የተጎዱ ተጫዋቾቹን ወደ እሷ ይልካል። ሬድዉድስ ከትልቁ ሊግ አንድ እርከን ዝቅ ይላል። ወጣቱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ያረጀው ቀስ ብሎ ሲወርድ የሚተላለፉበት ቤት ነው።

አንዤ ከሚወርዱት ወገን ነበር። የተወለደው ስሎቬኒያ ውስጥ፣ የሴኒትሴ በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ነው። ጢም ሳያወጣ በቁመት አባቱን ሲበልጥ፣ የዋና ከተማዋ የሉብልያና ክለብ መጥቶ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ቤት ማለት የክለብ መኖሪያና ሆቴል ሆነ። ስፔን ሄዶ ዋንጫ አነሣ። አባቱ ያረፉት እሱ ኢስታንቡል ሲጫወት ነው፤ የደረሰው ለቀብር ብቻ ነበር። በኋላ አሜሪካ ጠራችውና ትልቁ ሊግ ገባ፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። አሁን ሠላሳዎቹን እያጋመሰ፣ የግራ ጉልበቱ ልም አጥንት ደግሞ እያለቀ ነበር።

ለሳምንታት ሲመላለስ ከ«እሺ» እና ከ«ያማል» በቀር ቃል አልተነፈሰም። አንድ ቀን ግን የሄለና አባት አቶ እምሩ ምሳ ሊጋብዟት መጥተው፣ በሩ ገርበብ ብሎ ስላገኙት አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ዶበር ዳን! ካኮ ሲ፣ ፋንት?» አሉ በስሎቬንኛ፤ የልጁን አገር ከሄለና ሰምተው ነበር። ደህና ዋልክ፣ እንዴት ነህ አንተ ልጅ ማለታቸው ነበር።

አንዤ ከተኛበት ቀና አለ። አቶ እምሩ ጡረታ የወጡ የድልድይ መሐንዲስ ናቸው። በንጉሡ ጊዜ ስኮላርሺፕ አግኝተው ኢንጂነሪንግ የተማሩት ሉብልያና ነው። ከዚያ ወዲህ ቋንቋውን የሚናገሩት ሰው አላገኙም፤ አሁን ግን እንደ ታፈነ ምንጭ ወጣላቸው። አንዤ ጥቂት አዳመጠና ድንገት በሳቅ ፈረሰ። ሄለና ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«ምን አሉት አባባ?»

«እኔ እንጃ፤ ምግቡ እንዴት ነው ነው ያልኩት።»

«አነጋገራቸው ቁርጥ አያቴን!» አለ አንዤ ዓይኑን እየጠረገ። «እንዲህ የሚያወራ ሰው ዛሬ አገሬም የለም።»

ያን ቀን ምሳ ለሦስት በሉ። አንዤ ትውልድ ከተማው የሴኒትሴ ያሉት እናቱ ጋ በቪድዮ ደወለና ስልኩን ለአቶ እምሩ ሰጣቸው። ወይዘሮ ዝደንካ መጀመሪያ ልጃቸው የሚቀልድባቸው መስሏቸው ነበር። በኋላ ግን ወሬው አላልቅ አለ፤ የሁለቱ የቅዳሜ ጠዋት መደዋወል ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። «ልጄ ሁሌም ደህና ነኝ ነው የሚለኝ» ይሉ ነበር ሴትዮዋ። «እውነት ደህና ነው?» አቶ እምሩም «እሱ ራሱ ይንገርዎ» እያሉ ያልፉታል።

ፕሌይኦፉ፣ ማለት የጥሎ ማለፉ ውድድር፣ ሲቃረብ የቡድኑ ማናጀር ለሄለና ኮል አደረገላት። «ጥቂት ጨዋታ ብቻ ነው። መርፌ ወግተን እናስገባዋለን፤ አንቺ መጫወት ይችላል ብለሽ ክሊር አድርጊልን» አላት።

«እስቲ ቴስት ላድርገው» አለች።

በማግስቱ አንዤን በግራ እግሩ ብቻ እንዲዘልና እንዲያርፍ አዘዘችው። ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ደገመው፤ ያው ነው። ላቡን ጠርጎ ሊሰልስ ሲል እጇን ደረቱ ላይ አደረገች።

«ይበቃል አንዤ። እኔ እሺ አልልም። ኦፕሬሽን ነው የሚያስፈልግህ። በዚህ ከተጫወትክ ነገ መራመድም ትቸገራለህ።»

«እግሩ የኔ ነው!»

«ያንተ ነው። እሺ የሚለው አፍ ግን የኔ ነው።»

በሩን ወርውሮት ሄደ። ሄለና ቀኑን ሙሉ ሥራ አልጨበጥ አላት። ትክክል መሆኗን ብታውቅም፣ የሰው እንጀራ የዘጋች መሰላት። በሚቀጥለው ቀጠሮ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለውም ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ እምሩ ደወሉላት። «ሄለንዬ፣ ዝደንካ ስታለቅስ ነበር። ልጁ ስልክ አያነሣላትም። ተነሺ እንሂድ።»

ሳን ሆዜ ድረስ አባትና ልጅ አብረው ነዱ። አንዤ የአፓርታማውን በር ሲከፍት ከኋላው ሻንጣዎቹ ተደርድረው ታዩ።

«ወዴት ነው?» አሉት አቶ እምሩ በቋንቋው። ከዚያ ለሄለና ሲሉ ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ።

«ሩቅ ምሥራቅ አንድ ክለብ ፈልጎኛል። እነሱ አያስዘልሉኝም» አለ ሄለናን ሳያይ።

«ብትሄድ አላግድህም» አለችው። «ግን ጉልበትህ እዚያም ያው ጉልበት ነው።»

አንዤ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። «አልገባሽም» አለ። «በልጅነቴ ከቤት ወጣሁ። መቼ እንደምተኛ፣ ምን እንደምበላ ሁሉ የሚነግረኝ ክለቡ ነው። የራሴን ቁርስ እንኳ መርጬ አላውቅም። ኳሱ ሲቀርስ? ጠዋት ተነሥቼ ምን ላደርግ ነው?»

ሄለና የሰለጠነችው ለጉልበት ነው፤ ለዚህ ማንም አላስተማራትም። አቶ እምሩ ግን ስልካቸውን አውጥተው በቪድዮ ደወሉና ሰጡት። «እናትህ ናት። ለእኛ ያልከውን ንገራት።»

አንዤ ስልኩን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሄለና ቋንቋውን አታውቅም፤ ድምፁ መሐል ላይ ሲሰበር ግን ገባት። ከወዲያ በኩል ወይዘሮ ዝደንካ እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ አጭር ነገር ተናገሩ፤ ልጅየው ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደገፈ።

«ምን አሉት?» አለች ሄለና በሹክሹክታ።

«እግርህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ኳሱ በኋላ ነው የመጣው፤ አለችው።» አቶ እምሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ወደ አንዤ ዞሩ። «በል፣ ተነሥ። እንግዲያው ከቁርስ እንጀምራ!»

ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብተው፣ አንዤ ሜኑውን ይዞ ብዙ ቆየ። አስተናጋጇ ደጋግማ መጥታ ተመለሰች። ሄለና ልትረዳው አፏን ስትከፍት አባቷ ጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካ አደረጓት። በመጨረሻ ፉል አዘዘ፤ ቃሪያውን ሳያይ ጎርሶ እንባው እስኪመጣ ካሳለ በኋላ፣ ሌላ ዳቦ አስጨመረ።

ኦፕሬሽኑ የተሠራለት በዚያው ሰሞን ነው። ሬድዉድስ ያለ እሱ ተጫውቶ በመጀመሪያው ዙር ወደቀ፤ ማናጀሩም ለሄለና መደወል አቆመ። አንዤ ግን ክሊኒኩን አልተወም። መጀመሪያ በክራንች፣ ቀጥሎ በዱላ፣ በኋላ ባዶ እጁን መጣ። እግሩን እያጠናከረ ስላየው ጨዋታ ሁሉ ያወራት ጀመር፤ ማን ቀድሞ እንደዘለለ፣ ማን የት መቆም እንደነበረበት። አንድ ቀን ሄለና፣ «ይህን ለኔ ከምትነግረኝ ለቡድኑ ልጆች ለምን አትነግራቸውም?» አለችው።

ሳቀና እግሩን ማጠናከሩን ቀጠለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ራሱ ሄዶ አሰልጣኙን አነጋገረ። የቡድኑ ቁመተ ረጃጅም ተጫዋቾች ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ።

የአዲሱ የውድድር ዓመት የመጀመሪያ ጨዋታ ዕለት ወይዘሮ ዝደንካ ከየሴኒትሴ መጥተው ነበር። አንዤ በሱፍ ልብስ መስመሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ከዳኛው ጋር ይጨቃጨቃል። ሄለና ከወይዘሮዋና ከአባቷ መሐል ተቀምጣ፣ ሁለቱ ከራሷ በላይ በስሎቬንኛ ሲቀባበሉ አንዱን ቃል ሳትሰማ ግማሹ ጨዋታ አለቀ።

«አባባ፣ ጨዋታውን እዩ እንጂ!» አለች ሳቋን እየታገለች።

«እያየን ነው» አሉ አባቷ፤ ከወይዘሮ ዝደንካ ጎን ለመቀመጥም ቦታ እንድትቀይራቸው ጠየቋት።