«የለም» በተባሉት ሰዎች ሰፈር ያየሁት

ፀሐይ ወደ ማደሪያዋ አዘንብላ ጥላው እስከ ጎረቤት አጥር በረዘመበት ሰዓት፣ እኔ አሮጊቷ የውብዳር፣ በሬን ዘግቼና መጋረጃዬን ጋርጄ፣ ከገዛ ራሴ ጋር ሙግት ገጥሜ ተቀምጬ ነበር። የሙግቱም ምክንያት ከሰዓት በኋላ ከአፌ ያመለጠች አንዲት ቃል ናት።

ከቀበሌ የመጣች ቀጭን ጠይም ልጅ መዝገቧን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ውኃ ከየት እንደምንቀዳ ስትጠይቀኝ ቆየችና በመጨረሻ፣ «እማማ፣ በቤትዎ አካል ጉዳተኛ አለ?» አለችኝ። እኔም ዓይኔን ሳላሽ «ኧረ እግዜር ይመስገን፣ የለም!» አልኋት። ጻፈችው። ከተወለደች ጀምሮ እግሯ ያልጸናላት የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ትሁት ግን ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዋ ላይ ነበረች፤ ጆሮዋም ደኅና ነው። እንግዳዋ ስትወጣ፣ «እናና፣ እኔ ታዲያ የት ነኝ?» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ሻይሽን ጠጪ» አልኋት። ሌላ ምን ልበላት?

ሳትፈርዱብኝ ምክንያቴንም ስሙልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ሁለት ሰዎች ካሜራ አንግተው መጥተው ዊልቸር እንሰጣታለን ብለው ማሉልኝ። መሬት ላይ ስትሳብ ፎቶ አነሷት። ዊልቸሩ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ፎቶው ግን በትልቅ ሸራ ላይ ታትሞ መናኸሪያው በር ላይ ተሰቀለ። ሰው ሁሉ አየብኝ። ከዚያ ወዲያ ልጄን ለማንም አላሳይም ብዬ ተገዘትሁ። እናቷ ሞታለች። እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ወገቤም አልታዘዝ ብሎኛል። ከእኔ በኋላ ማን ያዝላታል የሚለው ሐሳብ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ፣ ይኸው ስንት ዓመቱ።

በዚህ ላይ ሬዲዮው፣ ነገረኛ እንደላከው ሁሉ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች አዲስ መመሪያ ወጣ ብሎ ጀመረ። ዊልቸሩም፣ የትምህርት ቤት ቦታውም፣ ለአስታማሚ የሚሰጠው እገዛም በየቀበሌው በተመዘገበው ሰው ልክ ይደለደላል፤ ምዝገባውም ነገ ያበቃል አለ። ሬዲዮውን አጠፋሁት፤ ልቤን የማጠፋበት ግን አጣሁ። ጋቢዬን እንደተከናነብሁ፣ ግድግዳ እንደተደገፍሁ፣ እንቅልፍ ጣለኝ።

እነሆም ከአንዲት ሰፊ ከተማ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት ወጣት ሴት በምርኩዝ እየተራመደች፣ ቶሎ ቶሎ እያለች ወደ እኔ መጣች።

«ታናሼ፣ ምነው እንዲህ አረጀሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

በሃያ ሁለት ዓመቷ የሞተች ሽባ እኅቴ፣ እትዬ ዘርትሁን ናት። «እትዬ፣ ሞተሽ የለም እንዴ?» አልኋት።

«ሞቼማ ነበር። ከመሞቴ በፊትስ መኖሬን ማን ያውቅ ነበር? ነይ ተከተይኝ፤ ጉልበትሽን ካመመሽ ደግሞ ቀስ እልልሻለሁ።»

ገባን። የዚያች ከተማ ነገር በምን አፌ ይነገራል! ከየቢሮው ደጃፍ ደረጃው ተነሥቶ፣ ዊልቸር እንደ ልቡ የሚወጣበት ለስላሳ ተዳፋት ተሠርቷል፤ አውቶቡሱም መንገደኛ ሲያይ እንደ ግመል ይንበረከካል። ዓይነ ስውር ዳኛ መዝገቡን በጣቱ እየዳበሰ ይፈርዳል፤ ተከራካሪውም በፊቱ ሲዋሽ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። መምህሪቱ በእጇ ታስተምራለች፣ ተማሪዎቿም በእጃቸው ያወራሉ፤ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሳለ ሁከት ሞልቶበታል። አዲስ ሕግ የወጣ እንደ ሆነ በአደባባይ ይነበባል፣ በምልክት ይነገራል፣ በሚዳሰስ ነጥብ ይጻፋል፤ ስለዚህ አልሰማሁም የሚል የለም። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አንድ እንኳ ሽባ እጁን ዘርግቶ አላየሁም፤ ሁሉም ከውስጥ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የቀናሁት ግን በአንዲት እንደ እኔ ባለች አሮጊት ነው፤ ልጇን የሚጠብቅ ሰው ተተክቶላት፣ በጠራራ ፀሐይ ከዛፍ ሥር ጥቅልል ብላ ተኝታለች።

«ይህ ሁሉ ከሰማይ ነው የወረደው?» አልሁ።

«ከሰማይ ዝናብ ነው የሚወርደው፤ አንዳንዴም በረዶ። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ታወቁ፤ ከዚያ ጮኹ። ሹማምንቱ ‹ነገ ኑ› አሏቸው። በነጋ ቁጥር መጡ። ሰባት ዓመት ሙሉ! በመጨረሻ የቢሮው ደረጃ ላይ ተኝተው መንገድ ዘጉ። ሹሙ ራሱ ሁለት ቀን ሊገባ ሲያቅተው በሦስተኛው ቀን ደረጃው ፈረሰ።»

«የእኛስ ሰፈር የት ነው?»

ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ብዙ አስኬደችኝ። እየሄድን ተዳፋቱ ጠፍቶ ደረጃው ተመለሰ፣ ቦዩም ክዳኑን አጥቶ አፉን ከፈተ። ከሰፈራችን መግቢያ ላይ በትልቁ «በዚህ ሰፈር አካል ጉዳተኛ የለም» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ከሥሩ ከበሮ ይመታል። ቦርጫም ሹም ከመድረክ ሆኖ፣ «ሰፈራችን እንከን የለሽ ሰፈር ተብላ ተሸልማለች!» እያለ ይለፍፋል፤ ሴቶቹም ያጨበጭባሉ። ጠጋ ብዬ ባይ ከፊተኛው ረድፍ እጇ እስኪቀላ የምታጨበጭበው እኔው ራሴ ነኝ።

ከጭብጨባው ጀርባ ግን ቤቱ ሁሉ መጋረጃ ነበር።

«ግለጭው» አለችኝ እትዬ።

አንዱን ገለጥሁ፤ አንድ ጎረምሳ ከምሰሶ ጋር ታስሮ ገመዱ ቁርጭምጭሚቱን አቁስሎታል። ሌላውን ገለጥሁ፤ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ከግድግዳው ጋር ያወራል። የመጨረሻውን መጋረጃ ጨርቁን አወቅሁት፤ የገዛ ቤቴ ነው፤ ገለጥሁት። ትሁት ናት። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ሆናለች፤ ፀጉሯ ተቋጥሯል፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰንጥቋል። የእኔ አልጋ ባዶውን ነው። የውኃው ጆግ ከእጇ ሁለት ክንድ ርቆ ተቀምጧል፤ ትዘረጋለች፣ አይደርስላትም፣ ደግማም ትዘረጋለች።

«ውኃ የሚሰጣት ሰው የለም ወይ?» ብዬ ጮኽሁ።

«እዚህ መሆኗን ማን ያውቃል?» አለችኝ።

«እኔ እኮ ከሰው ዓይን ልሸሽጋት ብዬ ነው! ፎቶዋን ሰቅለው መሳቂያ ስላደረጉብኝ ነው!»

«እነሱማ በደሉ። ሂጂ፣ ሸራውን አስወርጂ፣ ክሰሻቸው። አንቺ ግን ሌባ መጣ ብለሽ ልጅቱን ከነነፍሷ ቀበርሻት።» ምርኩዟን መሬት ላይ መታች። «የውብዳር፣ አንቺን ለመጠየቅ ሽማግሌ የመጣ ዕለት ትዝ ይልሻል? ዘራቸው ሽባ አለበት እንዳይባል እማዬ ከጎተራው ኋላ ወሽቃኝ ነበር። ‹ሌላ ልጅ አላችሁ ወይ?› ሲሏት ‹የለም› አለች። አንቺ ጠላ እየቀዳሽ ቆመሻል። ሳል ይዞኝ ነበር፤ ድምፄ እንዳይሰማና ትዳርሽ እንዳይፈርስ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ዋልሁ።»

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ!»

«የእኔው አልፏል፤ ይቅርታሽም ለዚህች ውኃ አያቀብላትም። ይልቅ ምዝገባው መቼ ነው የሚያበቃው?»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ነቃሁ። ነግቷል፤ ፊቴም በእንባ ርሷል። ትሁትን አለባብሼ አዘልኋትና፣ እንደ ወትሮው በጓሮው ቅያስ መሄዴን ትቼ በዋናው አስፋልት ወጣሁ። ሰው አየን፤ ይይ።

የቀበሌው ቢሮ አምስት ደረጃ አለው። በየደረጃው እያረፍሁ ወጣሁና የትናንቷን ልጅ፣ «ዋሽቼሻለሁ፤ ያንን ሰርዢና ይህችን ጻፊ» አልኋት።

ትሁትን አየቻት፣ መዝገቡንም አየችው። «እማማ፣ ምነው ትናንት ቢነግሩኝ! እርማት በማመልከቻ ነው። እኔ እቀበልዎታለሁ፤ ከላይ ይቀበሉት እንደ ሆነ ግን አላውቅም።»

ያች ለመዋሸት አንዲት ቃል የበቃቻት መዝገብ ለእውነቱ ሦስት ገጽ ጠየቀችኝ። ትሁትን አግዳሚው ላይ አስደግፌ ጻፍሁ። እየጻፍሁም በሰልፍ ለቆሙት ያየሁትን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ከእንግዲህም በየቤቱ፣ በየዕድሩ፣ በየልቅሶው ሳይቀር እነግራለሁ። አንዳንዶቹ አማተቡ። አንድ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ ግን፣ «አሮጊቷ ስትቃዥ አድራ እኛን ታስጠብቀናለች» ብሎ አሳቀብኝ።

«ቃዥቻለሁ፣ ልጄ» አልሁት። «አንተስ በደኅና እንቅልፍ አድረህ ቤትህ ማንን ዘግተህበት መጣህ?»

ሰውየው ተራው ደርሶ ሲጠሩትም አልሄደም። ቆይቶ አጠገቤ አጎነበሰና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እማማ፣ እኅትን ለማስመዝገብ ማመልከቻው ምን ተብሎ ነው የሚጀመረው?» አለኝ።