የጓያ እንፋሎት

የሷሊሕ ተረከዝ መሬት መንካት ያቆመው በየካቲት ነው። ቀድማ ያየችው እህቱ ሩቂያ ነበረች። ከመንገድ ሥራ ሲመለስ በእግር ጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ፣ ጉልበቱን ከጉልበቱ እያፋተገ፣ እንደምንም ደጃፉ ላይ ደረሰ።

"ምነው፣ መሬቱ ፈጀህ?" አለችው።

"ደክሞኝ ነው።"

"የደከመው ሰው እግሩን ይጎትታል እንጂ በጣቱ አይቆምም።"

አብሮት ድንጋይ ሲሸከም የዋለው ጎረቤታቸው አብዱሰላም ከኋላ ሳቁን ለቀቀው። "አልሰማሽም እንዴ? የጣሊያኑ ኢንጂነር ሚስት ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አምሮት ነው! ከአሁኑ አረማመዷን ይለማመዳል።"

አብዱሰላም መልካም ጎረምሳ ነበር፤ ቀልድ አፉ ውስጥ ማሳደር ግን አይችልም። ጠዋት የሰማውን እስከ ቀትር የመንገድ ሠራተኛው ሁሉ ይስቅበታል። ሩቂያ ሳቅ አልመጣላትም። የምታየው የወንድሟን ተረከዝ ነበር። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይንቀጠቀጣል።

ዘመኑ 1930 ነው። ጣሊያን ከሸዋ ሮቢት እስከ ጀውሃ ያለውን ማሽላ ለበቅሎዬ ለወታደሬ እያለ ከየቤቱ ጠርጎ ወስዶታል። ድንጋይ ለሚሸከመው ደግሞ በደመወዝ ፋንታ ከደጋ ያስጫነውን ጓያ ይሰፍርለታል። ቆለኛው ጓያን አያውቀውም። ያሳወቃቸው፣ ጓያውን የሚሰፍረው የባንዳዎቹ አለቃ አስር አለቃ ደሳለኝ ነው፤ እሱ የደጋ ሰው ነው።

"እህሉ ምንም አይልም፤ ክፉው እንፋሎቱ ነው" ብሎ ነበር የመጀመሪያውን ቀን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት እግር ላይ ካረፈ ይሰብራል። በእኔ አገር ስንቱን ጎረምሳ በምርኩዝ አስቀርቷል። ክዳኑን በጭቃ አሽጉ፤ ውሃውን መጥጦ እስኪጨርስ እንዳትከፍቱ።"

ሰውየው ሲዋሽ አልነበረም፤ ያመነውን ነው የተናገረው። አገሩም ሰማው። በየቤቱ ድስት ታሸገ። ከሥር የቀረችው ወፍራም መረቅ እንኳ አትደፋም፤ ለሚደክመው ሰው ትሰጣለች። ሩቂያ በገዛ እጇ ለሷሊሕ ስትቀዳለት ሦስት ወር ሆኗታል። "ጠጣ፣ ጉልበት ይሆንሃል" እያለች።

ማሽላስ ነበራቸው። አባታቸው ከመሞቱ በፊት ከአውድማቸው ሥር አንድ ጉድጓድ ሙሉ ቀብሮ፣ አፉን ደፍኖ፣ ላዩን በእበት ለቅልቆት ነበር። ይህን ሩቂያ፣ ሷሊሕና እናታቸው መሪያም ብቻ ያውቃሉ። ደሳለኝ አያውቅም። ባያውቅም፣ ለጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ሁለት ድንኳን የተከለው እዚያው አውድማ ላይ ነው። አስራ ሁለት ባንዳ በእነ ሩቂያ እህል ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል።

"እንፋሎቱ አግኝቶት ነው" አለች መሪያም የልጇን እግር እያሸች። "ያ አላህ! ክዳኑን ማን ከፈተው?"

 የከፈተችው ሩቂያ ናት። አትክፈቺ ስትባል የማትከፍተው ነገር የላትም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ድስቱ ላይ አጎንብሳ በእንፋሎቱ ፊቷን፣ ደረቷን፣ እግሯን ስትታጠን ከርማለች። እግሯ ግን እንደ ፍየል ይዘላል። እህሉን እንደሆነ ጣዕሙን ስለጠላችው እፍኝ አትበላም። ሷሊሕ ድስቱ አጠገብ ደርሶ አያውቅም፤ የሚበላው ግን የሦስት ሰው ነው።

ይህን ካሰበች በኋላ እንቅልፍ አልያዛትም። ሲነጋ የሰውን እግር ልትቆጥር ወጣች። ከወንዙ ወዲህ ካሉት ቤቶች በአራቱ ውስጥ ጎረምሳ ያነክሳል፤ አራቱም ድስታቸውን ያሽጋሉ። በመጨረሻው ጎጆ፣ በእትዬ ሐምዲያ ቤት፣ ሦስት መንገድ ሠራተኛ ወንድ ልጆች አሉ። ሦስቱም ቀጥ ብለው ይሄዳሉ።

"እትዬ ሐምዲያ፣ እርስዎ ድስትዎን አያሽጉም?"

"ምን ክዳን አለኝና! ከተሰበረ ዓመቱ ነው።"

"ውሃውንስ?"

"እደፋዋለሁ። ዘፍዝፌ አሳድርና እደፋለሁ፣ ቀቅዬ እደፋለሁ፣ ደግሜ ቀቅዬ እደፋለሁ። በክፉ ቀን የጫካ ቅጠል ስንበላ እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው። እኔ የማላውቀውን ነገር ሳላጥብ ወደ ቤቴ አላስገባም፤ ባሌንም አጥቤ ነው ያገባሁት።"

ሩቂያ ሁለት ጫጩት ለየች። ለአንዱ ንጹሕ ውሃ፣ ለሌላው ጓያ ያደረበትን ውሃ አፍልታ አወፍራ ሰጠች። በሦስተኛው ቀን የሁለተኛው ጫጩት አንገት ወደ ኋላ ተቆለመመ፤ እግሩ እንደተገተረ ሞተ። አንደኛው እዚያው አጠገቡ መሬት ይጭራል። ዛሬ በቤተ ሙከራ ያሉ ሰዎች፣ በጓያ ውስጥ በውሃ የሚሟሟ፣ እግርን የሚያዘውን ነርቭ የሚገድል መርዝ አለ ብለው ስም አውጥተውለታል። ሩቂያ የምትሰጠው ስም አልነበራትም። የሞተ ጫጩት በእጇ ይዛ ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ የቀዳችው መረቅ ምን እንደነበረ ገባት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታቸው ውሃው ይደፋ ጀመር። መሪያም "የእህሉን ጉልበት መሬት ታጠጪዋለሽ!" ብላ አለቀሰች። ሷሊሕ ግን ምርኩዝ ይዟል። እግሩ በየቀኑ እየጠነከረ እንጨት ይሆናል። ታጥቦም ቢሆን ጓያ ከዚህ በኋላ አንድ ፍሬ አፉ መግባት እንደሌለበት ሩቂያ ታውቃለች። ያለው ሌላ እህል ደግሞ ከድንኳኑ ሥር ነው።

በመጋቢት አንድ ጠዋት፣ ነፋሱ ከወንዙ ወደ አውድማው ሲነፍስ፣ እሷና፣ ለምን እንደሆነ ያልተነገራት እትዬ ሐምዲያ፣ ሁለት ትልልቅ ድስት ተሸክመው ከድንኳኖቹ አፍ አጠገብ ጎለቱ። ክዳን የለም። ጓያው ሲፈላ ነጩ እንፋሎት እየተጥመለመለ ድንኳኑ ውስጥ ገባ።

ደሳለኝ አለንጋውን ይዞ ወጣ። "አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ጓያ እየቀቀልኩ ነው ጌታዬ።"

"እዚህ?"

"ቤት ውስጥ ወንድሜን ሰበረብኝ። ሜዳ ላይ ነፋስ ይውሰደው ብዬ ነው።"

"ነፋሱ እኮ ወደ እኛ ነው!"

"ነፋስ የአላህ ነው፤ እኔ አላዘውም።"

አለንጋው ትከሻዋ ላይ አረፈ። ሩቂያ ንቅንቅ አላለችም። ደሳለኝ ንዴቱ ጨመረና አንደኛውን ድስት በእርግጫ መታው። የሚፍለቀለቀው ውሃ ፍሙና አፈሩ ላይ ፈሶ እንፋሎቱ ከምድር ተነሣ፤ ሰውየውን እስከ ጉልበቱ ዋጠው።

ወደ ኋላ ሲዘል በድንኳኑ ገመድ ተጠልፎ ወደቀ። እግሩን በሁለት እጁ ይጠርግ ጀመር፣ ጉንዳን እንደወረረው ሰው። ባንዳዎቹ ይህን አዩ። በዚያው ቅጽበት ሷሊሕ ከቤት ወጥቶ በምርኩዙ፣ በጣቶቹ ጫፍ፣ ወደ እነሱ ይመጣ ነበር። እህቱ ተመታች ብሎ ነው የመጣው። እነሱ ግን የነገ እግራቸው እየተራመደ የመጣ መሰላቸው።

በማግስቱ ድንኳኖቹ ወደ ድልድዩ ተዛወሩ።

ጉድጓዱን ሰው ሁሉ ለመንገድ ሥራ በወጣበት በቀትር ከፈቱት። የታመቀው ክፉ አየር እስኪወጣ አንድ ቀን ጠበቁ። ላዩ ሻግቷል፤ ሥሩ ደህና ነበር። ሷሊሕ የማሽላ ቂጣ በላ፣ በማግስቱም በላ። እግሩ መክፋቱን አቆመ። ዳነ ማለት ግን አይደለም። ተረከዙ መሬት አልነካም፤ እንደማይነካም በሚያዝያ ገባቸው።

አንድ ነገር ሩቂያ አላሰበችም ነበር። ባንዳው ከእንፋሎት መሸሹን አገሩ ሁሉ አይቷል። እስከዚያ የተጠራጠረ ካለ እንኳ አሁን አመነ። ጭቃው በየክዳኑ ዙሪያ ወፈረ። እትዬ ሐምዲያ ሳትቀር ክዳን ገዛች።

"ውሃውን ድፉ" እያለች በየቤቱ ዞረች።

"አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ባንዳን በእንፋሎት ያባረርሽ?" ይሏታል። ማታለያ ነበር ብላ እንዳትናገር፣ ወሬው ድልድዩ ጋ ከደረሰ ደሳለኝ ለምን ከአውድማው ልታስነሣው እንደፈለገች ይጠይቃል። ከጠየቀ ይቆፍራል። የመጣለትን ሁሉ ሲናገር የኖረው አፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ።

ሐሙስ ዕለት አብዱሰላም ከሥራ ሲመለስ አየችው። ቀኝ ተረከዙ መሬት አልነካም።

"በሷሊሕ የቀለድኩት ደረሰብኝ" አለ እየሳቀ። "የአንዱን እግር ጫማ ብቻ ነው የሰጡኝ።"

ሩቂያ አየችው፤ ከዚያ የድልድዩን ድንኳኖች አየች። እጁን ይዛ ወደ ቤቱ አስገባችው፤ በእናቱ ጩኸት መሃል ጭቃውን ፈልቅቃ ክዳኑን ከፈተች፤ ውሃውን ደጅ ደፋችው።

"እንፋሎቱ ውሸት ነው" አለችው። "እግርህን የሚበላው ውሃው ነው።"

"ታዲያ ደሳለኝ ምን ሆኖ ሸሸ?"

ዝም ልትል ትችል ነበር። ነገር ግን ካላመናት ነገ እናቱ እንደገና ታሽጋለች። "አታልዬው ነዋ" አለች።

አብዱሰላም አፍ ከፍቶ አያት። ከዚያ ሳቁ መጣ። ግድግዳውን እየደበደበ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ደሳለኝ! እግሩን ሲጠርግ! ባዶ እንፋሎት! ወላሂ ይሄን..."

"ለማንም እንዳትናገር።"

"ለማን እናገራለሁ?" አለ። ዓይኑ ግን ነገ ጠዋት ድንጋይ ሊሸከሙ የሚሰበሰቡትን ሰዎች አሁኑኑ እያያቸው ነበር።

ሩቂያ እየሮጠች ቤቷ ገባች። ሷሊሕ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።

"ማሽላውን ዛሬውኑ እናውጣው" አለችው። "አብዱሰላም አውቋል፤ ነገ ባንዳዎቹ ይመጣሉ። ጸሐይ ሳትወጣ ወንዙን ተሸክመን እንሻገር።"

ሷሊሕ በመጀመሪያ ምርኩዙን አየ፤ ቀጥሎ የእናቱን የጎበጠ ትከሻ።

"በማን እግር?" አለ።