ለምትቃጠል ሴት ፍል ውሃ

እህቴ አበበች በጠራራ ፀሐይ ፍሪጅ ውስጥ ጭንቅላቷን ከትታ የታየችው በሚያዝያ ወር ነው። ያየቻት የባሏ እህት ዘርፉ ናት። ዘርፉ ያየችውን አዳማ ሳያየው አያድርም።

ዘርፉ ከአበበች ሱቅ ስትነሣ ወሬው "ጭንቅላቷን ከትታ" ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስትደርስ "ፍሪጅ ውስጥ ገብታ" ሆነ። ማታ ላይ አበበች ፍሪጅ ውስጥ ካሉት ጋር ታወራለች ተባለ። እነማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም። በዚያ ፍሪጅ ውስጥ እኔ የማውቀው ለስላሳና ውሃ ብቻ ነው።

ሱቋ መናኸሪያው አጠገብ ናት፤ ለመንገደኛ ቀዝቃዛ ነገር ትሸጣለች። እኔ መኪና መንዳት ካቆምኩ ወዲህ ደጃፏ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጬ ነው የምውለው። ሌሎቹ በወሬ ያዩትን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነፋስ እየነፈሰ ፊቷ ይቀላል። ላብ ከማጅራቷ ይወርዳል። በካርቶን ታራግባለች። ትንሽ ቆይቶ ይበርዳትና ነጠላዋን ትደርባለች። ውሃ ለጠየቀ ኮካ ትሰጣለች። አንድ ሾፌር "ማዘር፣ ደክሞሻል መሰለኝ" ቢላት ዞራ አለቀሰች። ሰውዬው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

"አዳማ ይሞቃል" አሏት። አዳማ ለሁሉም ይሞቃል። ሁሉም ግን ፍሪጅ ውስጥ ጭንቅላቱን አይከትም።

እናታችንም በዚያ ዕድሜዋ ከመኝታዋ እየተነሣች በረንዳ ላይ ትተኛ ነበር። አባታችን "ሌባ ትጠብቃለች" ይል ነበር። የሚሰረቅ ነገር አልነበረንም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኪዳነወልድ ዘመድ ሰበሰበ። ኪዳነወልድ ባሏ ነው። ቢሮ ይሠራል፤ ቤቱም ውስጥ እንደ ስብሰባ ነው የሚናገረው። አበበች ወደ ስብሰባው አልተጠራችም። ጓዳ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው።

"ችግሩን በጋራ ለይተን አቅጣጫ ማስቀመጥ ይኖርብናል" አለ።

"ችግሩማ ታይቷል" አለች ዘርፉ። "ፍሪጅ ውስጥ።"

"ምን እንደሚሰማት ራሷን ጠይቃችኋታል?" አልኩ።

"ጋሼ፣ የታመመ ሰው ስለ በሽታው ምን ያውቃል?"

ኪዳነወልድ ይህን ያለው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ነው። ልጆቹን የወለደችለትን ሴት ነው የሚያወራው። ስለ ውሃ ቧንቧ ቢሆን ቧንቧውን ሄዶ ያየው ነበር።

አንዱ ደም ብዛት ነው አለ። አንዱ ነርቭ ነው አለ። አንዷ የሰው ዓይን ነው አለች። ጠበል ትሂድ ያሉም ነበሩ። ጠበልን አልነቅፍም፤ እኔም ጠጥቼ ድኛለሁ። እነዚያ ሰዎች የፈለጉት ግን ርቀቱን ነበር። ራቅ ያለውን ጠበል እየመረጡ ይጠሩ ነበር።

ኪዳነወልድ የሶደሬን ፍል ውሃ መረጠ። "የቢሯችን ሰው ሁሉ ይሄዳል። ለወገብ፣ ለኩላሊት፣ ለድካም። ለሁሉም ይሆናል።"

"የሚያሠቃያት ሙቀት ነው" አልኩ። "መኪና ሲፈላ ይቆማል፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ አየር ያገኛል። ሌላ የፈላ ውሃ አይጨመርበትም።"

"ጋሼ፣ ሰው ራዲያተር አይደለም" አለ ኪዳነወልድ።

ሳቁብኝ። እውነቱን ነው። ራዲያተር ብትሆን ኖሮ መካኒክ ይጠሩ ነበር።

ዘርፉ ሌላ ሐሳብ ጨመረች። ሶደሬ ካልረዳት ክረምቱን ምንጃር ዘመድ ቤት ሄዳ ትረፍ፤ ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ አለች። "እኔ እይዘዋለሁ" ስትል ድምጿ ለሰለሰ። ያን ሱቅ ስትመኘው የኖረችው ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ነው። ኪዳነወልድ "ጥሩ የመጠባበቂያ ዕቅድ ነው" አለ። እስከዚያው ሱቁ ይዘጋ፣ ቁልፉም ይሰጥ ተባለ።

አበበች ከጓዳ ወጣች። ዘርፉ እጇን ዘረጋች። አበበች አልፋት መጣችና ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

"እርስዎ ይያዙልኝ ጋሼ" አለች። "ይቺ ሱቅ ከሄደችብኝ ግን ያኔ በእውነት አብዳለሁ።"

ዘርፉ ምሳ ይቅረብ አለች። ምሳውን የሠራችው አበበች ናት።

በማግሥቱ በሚኒባስ ወደ ሶደሬ ሄድን። ኪዳነወልድ ፊት ከሾፌሩ ጋር፣ እኛ ኋላ። አበበች በመስኮቱ በኩል ነበረች። ገና ከአዳማ ሳንወጣ ፊቷ ቀላና መስኮቱን ከፈተች። ዘርፉ በላይዋ ተዘርግታ ዘጋችው።

"ንፋስ ይመታሻል።"

"ይምታኝ።"

"ታማሚ ነሽ እኮ።"

እንደገና ከፈተች። ከኋላ አንድ ሰውዬ "ኧረ ይዘጋ፣ ልጅ ይዘናል" አለ። ልጅ አልያዘም። ሌላዋ "ላብና ንፋስ አይገናኝም" አለች። ተዘጋ። ሕዝባችን ድህነትን ይችላል፣ ጉንፋንን ይችላል፣ የተከፈተ መስኮት ግን አይችልም። እህቴ በተዘጋው መስታወት ላይ ግንባሯን አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋና ላቧ አንድ ላይ ነበር የሚወርደው።

ሶደሬ ስንደርስ ኪዳነወልድ ጥብስ አዘዘ። ዘርፉ አበበችን ይዛ ሴቶቹ ወደሚታጠቡበት ገባች። እኔ ከመታጠቢያው ግንብ ውጭ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ጦጣ የሙዝ ልጣጭ ይዛ ከበላዬ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

ዘርፉ ወዲያው ተመልሳ ወጣች፣ ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች።

"እኔስ አልቻልኩትም፣ ያቃጥላል" አለችኝ።

"እሷስ?"

"ለእሷ ጥሩ ነው።"

ብላ ወደ ጥብሱ ሄደች።

ግንቡ ከሰው ቁመት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ድምፅ ያልፋል። የማላውቃት ሴት ድምፅ ሰማሁ፤ አማርኛዋ የአርሲ ለዛ አለው።

"እህቴ፣ ከዚያ ውጪ። ፊትሽ በርበሬ መስሏል።"

"ታዝዞልኝ ነው" አለች አበበች።

"ማን አዘዘ?"

"ባለቤቴ።"

"ሐኪም ነው?"

"የቢሮ ሰው ነው።"

ሴትዮዋ "ነዪ፣ እዚህ ጥላው ላይ ቁጭ በይ። ፋዲላ እባላለሁ። ከወለንጪቲ ነው የመጣሁት፣ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ። እኔን ያመጡኝ ልጆቼ ናቸው" አለች። "ወላሂ፣ የወለድኳቸው ወንዶች ሁሉ ተሰብስበው 'ማሚ፣ ፍል ውሃ ይሻልሻል' አሉኝ። እኔ እቤቴ በረዶ እያኘክሁ።"

"በረዶ?"

"ጥርሴ እስኪደነዝዝ። ስቃጠል ታዲያ ምን ላድርግ?"

አበበች ቀስ ብላ "እኔ ፍሪጅ ውስጥ ጭንቅላቴን እከታለሁ" አለች።

"ታድለሽ። የእኔ ፍሪጅ ትንሽ ናት፣ አታስገባኝም።"

እህቴ ሳቀች። የሳቀችበትን ጊዜ ረስቼው ነበር፤ ድምፁን ለይቼ ለማወቅ ትንሽ ቆየሁ። ጦጣዋም ልጣጩን ጥላ ወደ ግንቡ አየች።

"ትበሳጪያለሽ?" አለች ፋዲላ።

"ባለቤቴ አጠገቤ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። ለምን ይተነፍሳል እላለሁ።"

"እኔም የልጄን ሚስት በማንኪያ ድምፅ ብቻ አስለቅሻታለሁ። የወር አበባሽ ቆሟል?"

ያን ጊዜ መነሣት ይገባኝ ነበር። አልተነሣሁም።

"ከቆመ ከረመ" አለች አበበች።

"እሱ ነው እንግዲህ። ማረጥ ነው። አዳማ ጤና ጣቢያ ሶሲ የምትባል ልጅ አለች። መጀመሪያ ሄጄ 'እየሞትኩ ነው' አልኳት። አልሳቀችብኝም፣ አልተቆጣችኝም። ግፊቴን አስለካች፣ ሐኪም ዘንድ ላከችኝ። ከዚያ ደግሞ በር ዘግታ ሰማችኝ። ሐሙስ ሐሙስ የእኛን ዕድሜ ሴቶች ትሰበስባለች። አራሶቹም የራሳቸው ቀን አላቸው፤ ወልደው ልጁን ማየት የሚያስጠላቸው አሉ፣ ታውቂያለሽ። ገና ደም አይተው የደነገጡ ተማሪዎችም ይመጣሉ።"

"ምን ትሰጣችኋለች? መርፌ?"

"ወንበር።"

"ወንበር ብቻ?"

"ቁጭ ብለን እናወራለን። ቃጠሎው ሲመጣ ምን እንደምናደርግ ትነግረናለች። አንዷ ስትናገር የቀረነው 'እኔም፣ እኔም' እንላለን። አንድ ሐሙስ ባሎቻችንን ስናማ ራሷ ሶሲ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች።"

"ይህን ሁሉ እያወቅሽ ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ልጆቼ 'ወሬ መድኃኒት ነው እንዴ?' አሉኛ። ደስ ይበላቸው ብዬ መጣሁ። እግሬን ነክሬ እመለሳለሁ።"

አበበች "እኔ ያበድኩ መስሎኝ ነበር" አለች። "ሰው ሁሉ ሲለኝ አመንኩ። ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ ነበር።"

"ኧረ ብቻሽን አይደለሽም" አለች ፋዲላ። "ወንበር እኮ ነው የሚጠበን።"

ቁጭ ብላ ለመስማት ደሞዝ የሚከፈላት ልጅ እንዳለች ያን ቀን ነው ያወቅሁት። መጀመሪያ ናቅኋት። ወሬ ለመስማት መንግሥት ሰው ይቀጥራል ብዬ ምራቄን ተፋሁ። ከዚያ እሑድ የተሰበሰብነውን ሰዎች በሐሳቤ አንድ በአንድ አየኋቸው። እህቴን በነፃ የሰማት አንድም አልነበረም።

ሁለቱ አብረው ወጡ። ፋዲላ ወፍራም፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ሴት ናት። ኪዳነወልድ ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ መጣ።

"እንዴት ነው፣ ለውጥ አለ?" አለ።

"አለ" አለች አበበች።

"አላልኩም?" ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ፣ አላልኩም?"

"ብለሃል" አልኩት።

አበበች ወደ እኔ ቀረበች። "ቁልፌን፣ ጋሼ።"

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ኪዳነወልድ። "ለውጡ ዘላቂ መሆኑ በክትትል መረጋገጥ አለበት። ለጊዜው ዘርፉ ትያዘው።"

ዘርፉ እጇን ከአበበች እጅ ጎን ዘረጋች። የጥብሱ ቅባት ገና አልደረቀም። ሁለት እጅ ፊቴ ነበር። አንደኛው በውሃ ተጨማድዷል። ቁልፉን እሱ ላይ አስቀመጥኩት።

"ጋሼ" አለች ዘርፉ፣ "ነገ አንድ ነገር ቢደርስ ኃላፊነቱን እርስዎ ይወስዳሉ?"

"እወስዳለሁ። አንቺ መውሰድ የፈለግሽው ሱቁን ነው፤ እሱ ከኃላፊነት ይከብዳል።"

ኪዳነወልድ እንደ ስብሰባ መሪ ጉሮሮውን ጠረገ። ቁልፉ ግን በአበበች መቀነት ላይ ታስሮ ነበር።

ስንመለስ ፋዲላም እኛ በተሳፈርንበት መኪና ገባች፤ ወለንጪቲ የሚሄደውን አዳማ ነው የምትይዘው። አበበች መስኮቱን ከፈተች። ዘርፉ ልትዘጋ ስትዘረጋ ፋዲላ ክንዷን መስኮቱ ላይ ጣለች። ክንድ ነው አይባልም፣ ጭነት ነው። እስከ አዳማ መስኮቱ አልተዘጋም። ዘርፉ ራሷን በነጠላ ጠቅልላ የሞት ፍርድ እንደተፈረደባት ተቀምጣ ገባች። ምንም አልሆነችም።

ኪዳነወልድ ሚስቱን ሶደሬ እንዳዳናት ለቢሮው ሁሉ ተናገረ። አሁን ሰው ራሴን አመመኝ ሲለው ፍል ውሃ ያዝዛል። የሚሰሙትም አሉ።

ቃጠሎው አልተዋትም። አሁንም ፊቷ ይቀላል፣ አሁንም ፍሪጁን ትከፍታለች። ነገር ግን ጭንቅላቷን አስገብታ "ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ብሶበታል" ትለኛለች፤ እኔም "ይሄዳል" እላታለሁ። ከዚህ የበለጠ መናገር አልችልበትም። እሷም አልጠየቀችኝም።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት ዘርፉ በሱቁ በኩል አለፈች። ሱቁ ዝግ ነው፣ እኔ አግዳሚው ላይ ነኝ። ዓይኗ በተቆለፈው በር ላይ በራ።

"ምነው፣ ባሰባት እንዴ?"

"አልባሰባትም።"

"ታዲያ ወዴት ሄደች?"

"ልታወራ።"

"ከማን ጋር?"

"ፍሪጅ ውስጥ ካሉት ጋር አይደለም" አልኳት።