ባዶውን የማይመለስ ጣሳ

የአሥር አለቃ አንማው ጓንጉል ሳል በመጋቢት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ሆኖ ከሰላም ማስከበር ወደ ደጀን ተመለሰ። አንማው ራሱ ገና እዚያው ባሕር ማዶ ነበር።

ጣሳውን ያመጣው ሃምሳ አለቃ ጥጋቡ ነው። ጥጋቡ የደጀን ልጅ ሲሆን አንማው ላለበት ሻለቃ ጦር ዕቃ በሚያመላልሰው አውሮፕላን ላይ ይሠራል። ወደ አገር ቤት በመጣ ቁጥር የከተማው ሰው ለልጆቹ ያሰናዳውን ስንቅ ሰብስቦ ይወስዳል፤ ሌላ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ የተመለሰውን ዕቃ በየቤቱ ያድላል። የሚያደርገው በነፃ ነው። እርግጥ ከዳቦ ቆሎው መንገድ ላይ እፍኝ ሳይዘግን አይቀርም፤ በዚህ ግን ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

የአንማው አባት አቶ ጓንጉል ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸው ከአስፋልቱ ዳር በረንዳቸው ላይ ተቀምጣለች። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ለልጃቸው ስንቅ የሚያሰናዱት ራሳቸው ሆነዋል። ገብሱን የምትቆላላቸው ጎረቤታቸው ሽታዬ ነች፤ አንድ ጊዜ እሳቸው ቆልተውት በሶው ከሰል ከሰል ስላለ ብረት ምጣዱን ነጠቀቻቸው። ጣሳውን በአቡጀዴ ጠቅልሎ መስፋት ግን የእሳቸው ነው። እዚያ ላይ ማንም አይጠጋቸውም።

ያን ቅዳሜ አቡጀዴውን ተርትረው ክዳኑን አነሱ። ሳሉ ወጣ። ደረቅ ደረቁን ሁለቴ ሳለ፣ ቀጥሎ አንዴ ረዘም አደረገው፤ ከዚያ አንማው በልጅነቱ ይተኛበት ወደነበረው መደብ ሄደ። አቶ ጓንጉል አልደነገጡም። ሳሉን ያውቁታል፤ ስንት ክረምት ዝንጅብልና ማር ያጠጡት እሳቸው ናቸው።

«ተሽሎታል ማለት ነው» አሉ።

«እንዴት ጋሼ?» አለች ሽታዬ።

«ሳሉ እዚህ ነዋ። እዚያ የለም ማለት ነው።»

ሽታዬ ነገሩን አሰበችበትና ልክ ሆኖ አገኘችው። ገብሷን ልትለቅም ሄደች።

ለምን እንደተላከ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። በደጀን የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። አንማው ትንሽ ልጅ ሳለ የሽታዬን ሳሕን ባዶውን ይዞ ሊወጣ ሲል አባቱ ከበር መልሰውታል። «ቤት ያፈራውን ጣል አድርግበት» ነበር ያሉት። ያን ቀን ቤቱ ምንም አላፈራም። ልጁ ዞሮ ዞሮ ሲያጣ ከገዛ ሸሚዙ ላይ ቁልፍ በጥሶ ሳሕኑ ላይ አስቀመጠ። አቶ ጓንጉል በዚህ እጅግ ኮርተው ለሚያውቁትም ለማያውቁትም ሲያወሩት ሰነበቱ።

በሁለተኛው ጉዞ ዳቦ ቆሎ ላኩ። በጣሳው ተመልሶ የመጣው የአንማው ጥላ ነው፤ በአራት ታጥፏል። አቶ ጓንጉል አጣጠፉን ሲያዩ ውትድርና ልጃቸውን ሥርዓት እንዳስያዘው ተረዱ። ዘርግተው ዳበሱት። ክር የለው፣ ገበር የለው፣ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሆነ ሊለዩት አልቻሉም። የታጠፈበትን ለብ ባለ ካውያ ተኮሱና ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ቁመቱ በትክክል የአንማው ቁመት ነበር። በማግስቱ ግን ነገሩ ከነከናቸውና ጥጋቡን አስጠሩት።

«ልጄ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ፀሐይ ላይ ሲቆም ጥላ የለውም። ለጥበቃ ይመቻል ተብሎ ማማ ላይ ተመድቧል።»

«አንተስ አይተህ ዝም አልህ?»

«እኔ ዕቃ አመላላሽ ነኝ አባቴ።»

«ሌላ የሚልከው አጣ?»

«ምን ያግኝ? ልብሱ የመንግሥት ነው። ጥይቱ የተቆጠረ ነው። ውሃው በቦቴ ነው የሚመጣው። ከመሬቱ ድንጋይ እንኳ ማንሳት አይፈቀድም፤ የሰው አገር ነው። ‘የራሴ የምለው ከዚህ ሌላ የለኝም’ ነው ያለኝ።»

ልጅን አርሞ ማሳደግ እንዲህ ያለ ነገር ያመጣል ብሎ ለአቶ ጓንጉል የነገራቸው ሰው አልነበረም። «በሚቀጥለው ጣሳውን ባዶውን መልስ ብሎሃል አባትህ በለው» ብለው አጥብቀው አደራ አሉ፤ ከአደራውም ጋር ድርቆሽ ላኩ።

ጣሳው የአንማውን እንቅልፍ ይዞ መጣ። እንቅልፉ ክዳኑ እንደተከፈተ ቀጥ ብሎ ወደ መደቡ ሄዶ ተጋደመ፤ ፍራሹ በሰው ቅርጽ ጎደጎደ። አቶ ጓንጉል ጋቢ አለበሱት። ከጋቢው ሥር የሚተነፍስ ነገር አልነበረም፤ ግን ሞቀ።

«አልነገርኸውም?» አሉ ጥጋቡን።

«ነግሬዋለሁ። ‘አባቴ እንዲህ አይልም’ አለኝ። እኔ ከመንገድ በልቼበት ነገር የማሳምር ነው የመሰለው። ተቀይሞኛል።»

«እንቅልፍስ?»

«አይተኛም። አለቆቹ በጣም ወደውታል።»

ሽታዬ ከምድጃው በኩል ስታዳምጥ ነበር። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች። «እርስዎ ካላቆሙ እሱ አያቆምም ጋሼ። ይተዉት።»

አቶ ጓንጉል ምክሩን ተቀበሉና ለአንድ ጉዞ ምንም ሳይልኩ ቀሩ። ጥጋቡ ሲመለስ ጠየቁት። የሌሎቹ ልጆች ስንቅ ሲከፈት አንማው ሥራ እንዳለበት ሰው ተነሥቶ ይወጣል አላቸው። ጫማውን ይጠርጋል፤ የተጠረገውን ይደግመዋል። ስንቅ የቀረበት ወታደር አገር ቤት ሰው አልቆብኛል ብሎ ነው የሚያስበው። አቶ ጓንጉል ያን ቀን ምሳቸውን መብላት አቃታቸው።

ስለዚህ ብልኃት ፈለጉ። ጣሳ ስለሚመለስ ነው ይህ ሁሉ የመጣው፤ ፌስታል ግን ይጣላል እንጂ አይመለስም። በሶውን በፌስታል ቋጥረው ላኩ። ፌስታሉ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አፉ በቋጠሮ ታስሮ ተመለሰ። ሲፈቱት የአንማው ሳቅ ወጥቶ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረ። ሽታዬ ሳታስበው አብራ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። አቶ ጓንጉል መቀሳቸውን እንደያዙ አለቀሱ። ያለቀሱት ሳቁ ደስ ስላላቸው ነው፤ ይህ ደግሞ አሳፈራቸው። ቤቱ እየሞላ ነበር። ከእናቱ ሞት ወዲህ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ሙሉ ዕቃ የተላከለት ሰው ነው ባዶውን ለመመለስ የሚያፍረው። ባዶ ጣሳ የተላከለት ሰው ባዶ ጣሳ ቢመልስ ግን ምንም አያሳፍርም፤ እኩል ነው። ልጁም ነገሩ ይገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ባዶውን መመለስ ይለምዳል። ጣሳውን አጠቡ፣ አደረቁ፣ በውስጡ ምንም ሳያደርጉ በአቡጀዴ ጠቅልለው እንደወትሮው ጥቅጥቅ አድርገው ሰፉት።

ጥጋቡ ጣሳውን በእጁ መዘን መዘን አደረገው። «ቀለለኝ» አለ።

«ይቅለልህ።»

«ሻለቃ ጦሩ ሊቀየር ነው። ይኼ የመጨረሻው ስንቅ መሆኑ ነው።»

«ይሁን። አንዴ ከገባው ይበቃል» አሉ አቶ ጓንጉል። አይሆንምን ትተሽ ይሆናልን ባሰብሽ የሚለው ተረት ትዝ ያላቸው ጥጋቡ ከሄደ በኋላ ነው።

ሻለቃ ጦሩ በሰኔ ተቀየረ። ሬዲዮው ተናገረ፤ ከተማው ሁሉ ልጁን ይጠብቅ ጀመር። አቶ ጓንጉል በግ ገዝተው ጓሮ አሰሩ። አዲስ ሸሚዝ ሰፉ፤ የአንገቱን ልክ ከግድግዳው ላይ ወሰዱ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አንድ ወታደር በረንዳው ሥር መጥቶ ቆመ። በአቡጀዴ የተሰፋ ጣሳ በሁለት እጁ ይዟል።

«አባቴ፣ የአቶ ጓንጉል ቤት ይኼ ነው?» አለ።

አቶ ጓንጉል ከመኪናቸው ላይ ቀና አሉ። በቀኝ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ አዩ። የመቀስ ናት፤ ዳዴ ሲል ከዚሁ መኪና ሥር ነው የወጋው።

«አንማው» አሉ።

«አንማው ልጅዎ ነው? እኔ ዕቃ ላደርስ የተላክሁ ነኝ።»

አንማው አባቱን «አንተ» ነበር የሚላቸው፤ እናቱ ብትቆጣውም አልተወም ነበር። ወታደሩ ግን እንደ ማንኛውም ጨዋ የሰው ልጅ «እርስዎ» ይላል። አቶ ጓንጉል ከመኪናቸው ተነሥተው ወደ ወታደሩ ተጠጉ።

«ምን ብሎ ላከህ?»

«ከቤት ባዶ ጣሳ ደረሰው አሉ። አባቴ ተቸግሯል ማለት ነው ብሎ አለቀሰ አሉ። ከዚያ ያለውን ሁሉ አድርጎበታል።»

«አንተስ? ለአንተ ምን ቀረህ?»

ወታደሩ ጥያቄውን በትሕትና አሰበበት። «አድርስ ተብያለሁ» አለ።

አቶ ጓንጉል በሕይወታቸው እንደዚያን ጊዜ ፈጥነው አያውቁም። ወታደሩን በክንዱ ይዘው ደፉ ላይ አስቀመጡት። ጣሳውን ጭኑ ላይ አኖሩ፤ አፉን ወደ ደረቱ አዞሩት። የሚወጣው ነገር ሌላ መንገድ እንዳያገኝ በጋቢያቸው ግራና ቀኙን ከለሉ። ስፌቱን ተረተሩ። «ልጄ፣ ተንፍስ፣ ወደ ውስጥ ተንፍስ» አሉት። ወታደሩ ትእዛዝ ያከብራልና ተነፈሰ። ክዳኑን አነሱ።

ከጣሳው የወጣው ነገር ደረቱን ነካ አድርጎ አለፈው። በጋቢው ሥር ሾለከና ወደ ቤት ገባ። ቤቱን ያውቀዋል።

«አባዬ» አለ አንድ ድምፅ ከውስጥ። «እንደምን ዋልህ? ምሳ በላህ?»

ወታደሩ ፊቱ በደስታ ፈካ። «ልጅዎ ቤት ገብቷል እንዴ? እንኳን ደስ ያለዎት አባቴ!» አለ። ባዶውን ጣሳ ደፉ ላይ አስቀምጦ ተነሣ፤ ሰላምታ ሰጠ፤ ቆቡን አስተካከለ።

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«እኔ እንጃ። ዕቃው ደርሷል።»

አቶ ጓንጉል እጅጌውን ይዘው ነበር። ወታደሩ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ፣ ሳያሳምም፣ እንደ ሽማግሌ ጣት አክብሮ አላቀቃቸውና መንገዱን ያዘ።

«አባዬ፣ ማን ነበር?» አለ ድምፁ።

«ዕቃ ያመጣ ሰው ነው።»

«እና ግባ ሳትለው? በዚህ ፀሐይ?»

አቶ ጓንጉል ጣሳውን ረግጠውት እያለፉ ወደ አስፋልቱ ሮጡ፤ ሊጠሩት አፋቸውን ከፈቱ። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ በየደጃፉ አንዳንድ ወታደር ቆሟል። አንዱ ጣሳ፣ አንዱ ጀሪካን፣ አንዱ የታጠበ ፌስታል ይዟል፤ ሁሉም በሁለት እጃቸው ነው የያዙት። «አትክፈቱ!» አሉ አቶ ጓንጉል፤ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ግን ልጁ ደጅ መጥቶለት በር ሳይከፍት የሚቆይ ወላጅ የለም። በሮቹ ተከፈቱ። ከየቤቱ እልልታ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሳቅ፣ ቀጥሎ የወጣቶች ድምፅ «እማዬ»፣ «እታለም»፣ «አባባ» ሲል። ወታደሮቹ ባዶ እጃቸውን አራግፈው ወደ ዓባይ ቁልቁለት በሰልፍ መውረድ ጀመሩ። ፀሐይዋ ከረር ብላለች፤ በአስፋልቱ ላይ ከስልክ እንጨቶቹና ከአቶ ጓንጉል በቀር የማንም ጥላ አልነበረም።