ቀለም የተቀባው ማዕዘን

የእህቴ ባል የጠገነውን የአውሮፕላን በር እንድመረምር የተመደብኩት ሌላ መርማሪ ስለጠፋ ነው። እሱ ግን ሆን ብዬ አሳድጄው የመጣሁ አድርጎ ቆጠረው።

የምርመራው ትእዛዝ የአውሮፕላኑ አምራች ነው፤ እምቢ አይባልም። አውሮፕላን በበረረ ቁጥር ሆዱ በአየር ይነፋል፣ ሲያርፍ ይተነፍሳል። ዓመታት ሲደራረቡ በሩን ያቀፈው ብረት ይደክምና ማዕዘኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ያኔ ስንጥቁ እንዳይሄድ ጫፉ ይበሳል። መርማሪ ባዶውን ብረት አይቶ ስንጥቁ ቀዳዳውን እንዳልተሻገረ ሲያረጋግጥ ደግሞ ቀለም ይቀባል፣ ማጠናከሪያ ላሜራ ይመታበታል።

እኔ ስደርስ ማዕዘኑ ቀለም ጠጥቶ ደርቋል። ላሜራው በእህቴ ባል እጅ ነው።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩና እስክሪብቶ የምታህለዋን መመርመሪያ አስጠጋሁ። ብረቱ ደህና ከሆነ ዝም ትላለች፤ ከተሰነጠቀ ትጮኻለች። አሁን ግን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምፅዋ ታፈነ።

«ምነው ጆሮ፣ ዛሬስ ደነቆርክ?» አለ፤ «ጆሮ» የሃንጋሩ፣ የጥገና አዳራሹ፣ ሰው ያወጣልኝ ቅጽል ነው። በዙሪያችን ያሉት ሳቁ።

«ቀለሙ ወፍሯል። ይፋቅ።»

«ምን?»

«ባዶ ብረት አሳየኝ።»

«ስንጥቁ አልተሻገረም ስልህ! የበሳሁት እኔ፣ ያየሁት እኔ!»

«አልተጠራጠርኩህም። ያላየሁትን አየሁ ማለት ነው ያቃተኝ።»

«አዬ ጻድቁ! ስብከትህን እዛው!» ቀረበኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ አማቼ፣ ይሄን ቀለም ካስፋቅከኝ እሁድ እሁድ የምትጎለትባትን ወንበር አውጥቼ እጥላታለሁ። ቤቴን አትረግጣትም።»

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤት የምለው የእህቴን ሳሎን ነው። ልጆቿ ጉልበቴ ላይ ወጥተው ኪሴን የሚበረብሩት እዚያች ወንበር ላይ ነው። ይህን ያውቃል፤ ያውቃልና ነው እዚያው የመታኝ።

ደህና ነው ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። በሆዴ «አንተው ያዘኝ» አልኩት ፈጣሪን።

«ይፋቅ» አልኩ።

ፋቀ። እያንዳንዷን ፍቅፋቂ እኔ ላይ እያራገፈ፣ ጨርቁን እግሬ ሥር እየወረወረ ፋቀ። መመርመሪያዋን በቀዳዳው ዙሪያ አዞርኳት። ዝም አለች። ደግሜ አዞርኳት። ዝም።

«ምንም የለውም። ሥራህ ንጹሕ ነው።»

«አልሰማሁም! ለሁሉም ጮክ ብለህ ተናገራ!»

ጮኽኩ። ሃንጋሩ አጨበጨበልኝ፤ የማሾፍ ጭብጨባ።

እሁድ እንደ ልማዴ ሄድኩ። ወንበሯ ደጅ ከቆሻሻ መጣያው ጎን ቆማለች። እህቴ በሩን ከፈት አድርጋ ሰንሰለቱን ሳታወልቅ አየችኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ምንም አላገኘህም አይደል?»

«ምንም።»

«ታዲያ ሰው ፊት ምን ልሁን ብለህ ነው ያዋረድከው?»

«ሳላይ እንዴት ብዬ...»

ከውስጥ የባሏ ድምፅ መጣ። «ማነው? ዕቃ የሚያዞር ከሆነ አንፈልግም በይው!»

ከኋላዋ ትንሿ ልጅ ስትጠራኝ ሰማሁ። እህቴ ዓይኗን ሰበረችና በሩን ዘጋችው።

በማግሥቱ የዚያው አውሮፕላን ሌላኛው በር ተራው ደረሰ። የእህቴ ባል ማዕዘኑን በስቶ ጨርሷል። ጠብታ ቀለም የለበትም፤ ብረቱ ፊቴን እስኪያሳየኝ ተወልውሏል። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል።

«ያውልህ። ከፈለግክ ላሰው።»

አዳመጥኩ። ዝም።

«ደህና ነው!» አልኩ፣ ሳይጠይቀኝ፣ ለሃንጋሩ ሁሉ እንዲሰማ። በዚህ ጊዜ ማንም አላጨበጨበም።

የቀለሙን ብሩሽ አነሳ። ዞሮ ሳያየኝ፣ «ወንበርህን ዝናብ እየመታት ነው» አለ። «መጥተህ ወደ ቤትህ ውሰዳት።»

መመርመሪያዬን ይዤ ወደሚቀጥለው ማዕዘን አለፍኩ።