ያጌጠ ደብዳቤ አይገባም

ኤክሃርት ዕድሜውን ከኮምፒውተር ጋር የጨረሰ ሰው ነው፤ ኢሜይሉን ግን ዛሬም የሚያነብበው ጥቁር መደብ ላይ ፊደል ብቻ በሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ፎቶ የለ፣ ቀለም የለ። በየአገሩ ሆነው አብረውት ፕሮግራም የሚጽፉ ወዳጆቹም ሕጋቸው ይኸው ነው፤ አሸብርቆ የመጣ ኢሜይል ከደጅ ይመለሳል።

እሱ ግን ሕጉን ብሬመን ከተማ ድረስ፣ እቤቱ ይዞት ገባ። በግል የኢሜይል አድራሻው ላይ ዘብ የሚሆን ፕሮግራም አቆመ። ዘቡ ፎቶ ወይም ጌጥ ያለበትን ሁሉ ሳያሳየው ይመልስና ላኪውን «ጽሑፍ ብቻ ላክ። ይህን አላነብም» ይለዋል። ቃሏን የጻፋት ራሱ ኤክሃርት ነው፤ ጽፎም ደስ ብሎት ነበር። ሰው ብቻውን ሲከርም እንዲህ ይደርቃል።

ልጁ ቪብከ ላይፕሲሽ ከተማ ነው የምትኖረው። እናቷ ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ ስልክ ላይ ወሬ ያጥራቸዋል። ስለዚህ እርጉዝ ሳለች «ስትገላገዪ ጻፊልኝ» ብሏት ነበር። መገላገሏን ከሰው ሰማ፤ ከእሷ ግን ምንም። ኩራት ያዘውና እሱም አልደወለም።

እሑድ ታላቅ እህቱ ገርዳ የፕሪም ኬኳን ይዛ መጣች።

«የልጅ ልጅህ እንዴት ነው? ፎቶውን አየኸው?»

«የምን ፎቶ? አልጻፈችልኝም እኮ።»

«አንተ ሰውዬ፣ አታፍርም? ደጋግማ ላከችልህ፤ አላነብም ብለህ መለስክላት! አራስ ልጅህን ታስለቅሳለህ?»

ኤክሃርት ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ አይደለሁም፤ ዘቡ ነው።»

«የምን ዘብ? እዚህ ቤት ከአንተ ሌላ ማን አለ?»

እሱም እዚያው ፊቷ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ዘቡን አጠፋው።

«በል ደውልላት» አለች ገርዳ።

«ብደውል አለቅሳለሁ።»

«አልቅሳ! ምን ትሆናለህ?»

እሱ ግን ጻፈ፦ «ቪብከዬ፣ ያን ክፉ ቃል የጻፍኩት ለአንቺ ብዬ አልነበረም፤ ግን አንቺ ጋ ደረሰ። ይቅር በይኝ። ከእንግዲህ በፈለግሽው ቀለም ጻፊልኝ፤ አነባለሁ።»

ኬኩን ሳይጨርሱ መልሷ መጣ። አንድም ጌጥ የለበትም።

«አባዬ፣ ፎቶ አንተ ጋ እንደማይታይ ረስቼው ነው። በቃል ልንገርህ።
ሄኒንግ ይባላል።
ፀጉር የሚባል የለውም፤ አንተም የለህም።
ሲቆጣ ግንባሩን ይቋጥራል፤ ከማን እንደወረሰው እናውቃለን።
ሲያዛጋ አፉ ቁርጥ የእማዬ ነው።
መቼ ነው የምታቅፈው?»

በኤክሃርትና በፕሮግራም ጻፊ ወዳጆቹ ልማድ ለደብዳቤ የሚመለሰው ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ነው። ከስሙ ሥር «ደስ ይላል» ብሎ ጻፈ። ከፀጉሩ ሥር «ይበቅልለታል»፤ ከግንባሩ ሥር «እኔን ይቅር ይበለኝ»። ከእማዬ ሥር የሚጽፈው አጣ፤ ገርዳ ትከሻውን እስክትይዘው ድረስ አለቀሰ። ያን መስመር ባዶውን ተወው።

ከመጨረሻው ሥር «ነገ፣ በመጀመሪያው ባቡር» ብሎ ላከው።